ጠፈር ከአዳማ አይርቅም

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች 92 ወይም 93 ዲግሪ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ጊዜ የሚፈጁብን አንዱም ለዚህ ነው። ጅቡቲ ላይ ቢጣዱ ቶሎ ይበስላሉ። ነገሩ የአየር ግፊት ነው። ከላያችን ያለው አየር ውሃውን ተጭኖ ይይዘዋል። ከፍ ባልን ቁጥር የሚጫነው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ውሃውም በትንሽ ሙቀት ወደ እንፋሎት ያመልጣል። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ 85 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል።

አሁን በሐሳብ መውጣታችሁን ቀጥሉ። 19 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ውሃ በ37 ዲግሪ ይፈላል። 37 ዲግሪ ማለት የገላችን ሙቀት ነው። ምራቅ፣ እንባ፣ ሳንባችን ውስጥ ያለው እርጥበት፣ ሁሉም እሳት ሳይነካቸው መፍላት ይጀምራሉ። ይህ ከፍታ የአርምስትሮንግ ወሰን ይባላል። ስሙ የመጣው ጨረቃን ከረገጠው ኒል አርምስትሮንግ እንዳይመስላችሁ፤ ሃሪ አርምስትሮንግ ከሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ነው።

ስለ ጠፈር የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከከዋክብት ይጀምራል። እኔ ከድስቱ የጀመርኩት ለዓመታት ሳነብ አንድ ነገር እየጠራልኝ ስለመጣ ነው። ጠፈር ቅርብ ነው። የሚከብደው፣ እዚህ ምድር ላይ ሳንጠይቅ የተሰጡን ነገሮች እዚያ አለመኖራቸው ነው። የአየሩ ግፊት፣ ክብደታችን፣ ከጸሐይ የሚከልለን ሰማይ፣ አንዳቸውም የሉም። ያለእነሱ መኖር ስለማንችል ሠርተን፣ ተሸክመን እንሄዳለን። የጠፈር ጉዞን ታሪክ ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው እዚህ ሸክም ላይ ነው።

ቅርብ ነው ስል ደግሞ ማጋነኔ አይደለም። ብዙዎች ጠፈር ይጀምራል ብለው የተስማሙበት ከፍታ 100 ኪሎሜትር ነው። የካርማን መስመር ይሉታል። ከአዲስ አበባ አዳማ ማለት ነው። ሰዎች የሚኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ይዞራል፤ በመኪና መንገድ ቢለካ ደሴ አካባቢ እንደ መድረስ ነው። በእርግጥ መስመሩ ላይ አጥር የለም። አየር በአንድ ቦታ ቁርጥ ብሎ አያልቅም፣ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ጣቢያው ባለበት ከፍታ እንኳን ጥቂት አየር ስላለ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንስበታል። ስለዚህ በየጊዜው ሞተር ተነሥቶ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል። እንዲያ ባይሆን ወርዶ ወርዶ ይቃጠል ነበር።

ታዲያ ሰው ያለ ልብስ ጠፈር ላይ ቢወጣ ምን ይሆናል? ፊልሞች ላይ ወይ ይፈነዳል ወይ በቅጽበት በረዶ ይሆናል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቆዳችን ጠንካራ ስለሆነ አንፈነዳም፤ እናብጣለን እንጂ። ቶሎም አንቀዘቅዝም፤ ሙቀታችንን የሚወስድ አየር የለማ። ባዶነት ሙቀትን አያስተላልፍም። የጠፈር ጣቢያው ትልቁ ራስ ምታት ሙቀት ማግኘት ሳይሆን ሙቀቱን ማስወገድ ነው። ጎኑ ላይ የተዘረጉት ሰፋፊ ነጫጭ ሰሌዳዎች ሥራቸው ይኸው ነው፤ በውስጣቸው አሞኒያ እየዞረ የጣቢያውን ሙቀት ያመጣላቸዋል፣ እነሱም በጨረር መልክ ወደ ውጭ ይለቁታል። ጸሐይ የሚመታው ጎን ከ120 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ጥላ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዜሮ በታች 150 ዲግሪ ይደርሳል።

ቶሎ የሚገድለው የኦክስጅን እጦት ነው። ይህን በራሱ ገላ ያየ ሰው አለ። እ.ኤ.አ በ1966 ሂውስተን ውስጥ ጂም ለብላንክ የተባለ የናሳ ባለሙያ አየሩ ተመጥጦ በወጣ ክፍል ውስጥ የጠፈር ልብስ ሲሞክር ቱቦው ተነቀለ። 14 ሰከንድ ገደማ ነው የቆየው፣ ራሱን ሳተ። ክፍሉን ቶሎ አየር ስለሞሉት ተረፈ፣ ጉዳትም አልደረሰበትም። ከመውደቁ በፊት የመጨረሻ ትዝታው ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲፈላ መሰማቱ ነበር።

ስለዚህ የጠፈር ልብስ የሚባለው ነገር ልብስ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ግፊቱን የጠበቀ ትንሽ መንኮራኩር ነው። ይህን ከሶቪየቱ ጠፈርተኛ ከአሌክሲ ሌኦኖቭ የበለጠ ያወቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌኦኖቭ እ.ኤ.አ መጋቢት 18 ቀን 1965 ከመንኮራኩር ውጭ በመውጣት የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መንኮራኩሩ ቮስሆድ 2 ይባላል፣ አዛዡ ፓቬል ቤልያዬቭ ነበር። 5 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ገመድ ታስሮ 12 ደቂቃ ገደማ ተንሳፈፈ። መግባት ሲፈልግ ነው ጉዱ የመጣው። በዙሪያው የሚጫን አየር ስለሌለ የለበሰው ልብስ ከውስጥ ባለው ግፊት ተነፍቶ ነበር። ጣቶቹ ከጓንቱ ጫፍ ሸሹ፣ እግሮቹም ከጫማው ወደ ኋላ ተንሸራተቱ። ገመዱን በደንብ መጨበጥ አቃተው። መግቢያው ደግሞ ጠባብ ነው፤ እንዲህ ተነፍቶ አያስገባውም።

ምድር ላይ ያሉትን ሳይጠይቅ ወሰነ። ልብሱ ላይ ያለውን ቫልቭ ከፍቶ ከሚተነፍሰው አየር ላይ ቀነሰ። አደጋውን ያውቀዋል። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሊሆን ይችላል፤ ከጥልቅ ባሕር በፍጥነት የወጡ ጠላቂዎችን የሚገድለው ነገር ነው። ልብሱ ግን ቀነሰ፣ እሱም ገባ። በእግሩ መግባት ሲገባው በጭንቅላቱ ስለገባ ያን ሁሉ ይዞ በጠባቧ ክፍል ውስጥ መገልበጥ ነበረበት። አላበቃም። ሲመለሱ በራሱ የሚሠራው የማረፊያ ሥርዓት እምቢ ስላለ በእጅ አወረዱት። ካሰቡት ቦታ ርቀው ኡራል ተራሮች አካባቢ በረዶ የሞላው ጫካ ውስጥ ወደቁ፣ እዚያም ሁለት ሌሊት አደሩ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ያ ውሳኔ ነው። የሚያኖረውን አየር በገዛ እጁ መልቀቅ። ከኋላው ምድር በሰከንድ ወደ 8 ኪሎሜትር እየተፈተለከች፣ ሐሳቡ ተሰብስቦ ቫልቭ ላይ ነው። እኔ ከጨረቃ ጉዞም በላይ ይህን 12 ደቂቃ አከብራለሁ።

ከ6 ዓመት በኋላ ሌላ ቫልቭ ሦስት ሰው ገደለ። እ.ኤ.አ ሰኔ 1971 ጆርጂ ዶብሮቮልስኪ፣ ቭላዲስላቭ ቮልኮቭና ቪክቶር ፓትሳዬቭ ሳልዩት 1 በተባለው የመጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይተው በሶዩዝ 11 እየተመለሱ ነበር። የመንኮራኩሩ ክፍሎች ሲለያዩ፣ ወደ ምድር ሲቃረቡ ብቻ መከፈት የነበረበት የአየር ቀዳዳ ያለጊዜው ተከፈተ። ገና 168 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበሩ። ሦስቱንም ለማስቀመጥ ቦታው ስለጠበበ የጠፈር ልብስ አልለበሱም። ቀዳዳውን በእጅ ለመዝጋት ሞክረዋል፤ ጊዜው አልበቃቸውም። መንኮራኩሩ ግን ሥራውን ቀጠለ። ፓራሹቱ ተዘረጋ፣ በደንብ አረፈ። የሚቀበሏቸው ሰዎች በሩን ከፍተው ሲያዩ ሦስቱም ከወንበራቸው ሳይነቀሉ ሕይወታቸው አልፏል። እስከ ዛሬ ከካርማን መስመር በላይ ሞቱ የሚባሉት ሰዎች እነሱ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሶዩዝ ለዓመታት ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ይዞ በረረ፤ በሦስተኛው ቦታ ልብሱና የአየር መሣሪያው ገባ። ዛሬም በሶዩዝ ወደ ላይ የሚወጣ ጠፈርተኛ ሁሉ ሲነሣና ሲያርፍ ግፊት የሚይዝ ልብስ የሚለብሰው በእነሱ ሞት ነው።

አየር ሊሠራ፣ ሊለካ፣ ሊያልቅ የሚችል ነገር መሆኑን እኔ የተረዳሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አባቴ በመጨረሻ ጊዜው ሳንባው ደክሞ ነበር። ከአልጋው አጠገብ ሁልጊዜ የኦክስጅን ሲሊንደር ይቆማል። ቤት ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ ዓይናችን ጌጁ ላይ ነው። መርፌው ዝቅ ሲል ሌላው ሲሊንደር መጥቷል ወይ እየተባባልን እንጠያየቃለን። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ውጭ ያለው አየር ለጎረቤቱም ለወፉም ይበቃል፣ ለሱ ግን አይበቃውም። ያኔ ማታ ማታ ስለ ጠፈር ጣቢያው አየር አነብ ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል፤ አየር ከየት እንደሚመጣ በዝርዝር የሚያውቁ ሰዎች እንዳሉ ማወቅ ያጽናናኝ ነበር።

ጣቢያው ላይ ኦክስጅን በዋናነት ከውሃ ነው የሚሠራው። ኤሌክትሪክ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፍለዋል። ውሃው ራሱ ከየት? ከትንፋሽ፣ ከላብ፣ ከሽንት ጭምር ተጣርቶ ይመለሳል። ናሳ እ.ኤ.አ በ2023 እንዳስታወቀው ከውሃው 98 በመቶው ያህል ተመልሶ ጥቅም ላይ መዋል ችሏል። የሚወጣውን የተቃጠለ አየር ደግሞ ሌላ መሣሪያ ይለቅመዋል።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን የማራገቢያው ነገር ነው። እዚህ ምድር ላይ ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይነሣል። የምናስወጣው ትንፋሽ ከፊታችን የሚርቀው አንድም በዚህ ነው። እዚያ ቀላልና ከባድ የሚባል ነገር ስለሌለ ሞቃት አየር የትም አይሄድም። ማራገቢያ ባይኖር የተኛ ጠፈርተኛ የራሱ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ይከማቻል፣ ያንኑ መልሶ ይስባል፣ ቢያንስ ራስ ምታት ይዞት ይነቃል። ስለዚህ ጣቢያው ቀንም ሌሊትም በማራገቢያ ድምፅ የተሞላ ነው። ጸጥታ እዚያ መጥፎ ምልክት ነው።

ቀላልና ከባድ የለም ስል «ስበት የለም ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስበትማ አለ። 400 ኪሎሜትር ላይ የምድር ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ጣቢያው የሚንሳፈፈው እየወደቀ ስለሆነ ነው። ድንጋይ አግድም ብትወረውሩ ጎንበስ ብሎ መሬት ይመታል። ፍጥነቱን ብትጨምሩ ራቅ ብሎ ይወድቃል። በሰዓት 28,000 ኪሎሜትር ገደማ ብትወረውሩት ግን እሱ በወደቀ መጠን ምድርም ክብ ስለሆነች ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሻለች። ይወድቃል፣ አይደርስም። ጠፈርተኞቹ ከነቤታቸው እንዲህ ሲወድቁ ነው የሚኖሩት። በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ምድርን ይዞራሉ፤ በቀን 16 ጊዜ ያህል ጸሐይ ትወጣላቸዋለች። የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ ሚያዝያ 12 ቀን 1961 በ108 ደቂቃ ደርሶ የተመለሰውም በዚሁ ሂሳብ ነው።

ስለዚህ ሮኬት አብዛኛውን ነዳጁን የሚጨርሰው ከፍታ ለመውጣት አይደለም። ፍጥነት ለማግኘት ነው። ሲነሣ ቀጥ ብሎ ይወጣና ወዲያው ወደ ጎን ማጋደል ይጀምራል። ለመነሣት ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ቦታ የሚመረጠውም ለፍጥነት ነው። ምድር ራሷ እዚያ በሰዓት 1,670 ኪሎሜትር ገደማ ስለምትሽከረከር ወደ ምሥራቅ ለሚነሣ ሮኬት ያንን ትመርቅለታለች። ጣልያኖች ይህን አይተው ኬንያ፣ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ መድረክ ተከሉ። እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970፣ በኬንያ የነጻነት በዓል፣ ከዚያ የተነሣችው የአሜሪካ ሳተላይት ኡሁሩ ተባለች። ሰማይን በኤክስሬይ ለማጥናት ብቻ የተላከች የመጀመሪያዋ ሳተላይት ናት። ይህን ያህል ትልቅ ነገር ከጎረቤታችን ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ብዙዎቻችን አለመስማታችን ያሳዝነኛል።

ሁልጊዜ መውደቅ ገላን ያሰንፈዋል። አጥንት የሚጠነክረው ስለሚሸከም ነው። የሚሸከመው ሲያጣ ይሳሳል፤ ክብደት የሚሸከሙት አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያጣሉ። ጡንቻም እንዲሁ። ደምና ፈሳሽ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ፊት ያብጣል፣ እግር ይቀጥናል። የአንዳንዶቹ ዓይን ሳይቀር ይለወጣል። ጠፈርተኞች ይህን ለመቋቋም በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ በላስቲክ ታስረው ይሮጣሉ፣ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ክብደት በሚተካ መሣሪያ ይሠራሉ። ጤነኛ ሰዎች ናቸው፤ አጥንታቸውን ይዘው ለመመለስ ብቻ እንዲህ ይለፋሉ።

የጨረሩ ጉዳይ ግን በስፖርት አይፈታም። እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ሰማይ ትንሽ ልበል፤ ሰው ሲያነሣው ስለማልሰማ።

ምድር መግነጢሳዊ መስክ አላት። ከጸሐይና ከሩቅ ኮከቦች የሚመጡ ፈጣን ቅንጣቶችን ገፍታ ትመልስበታለች። የተወሰኑት ደግሞ ተይዘው ምድርን በከበቡ ቀበቶዎች ውስጥ ይቀራሉ። እነዚህን ቀበቶዎች እ.ኤ.አ በ1958 ጄምስ ቫን አለን ያገኛቸው ኤክስፕሎረር 1 በተባለችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ሳተላይት ላይ ባስቀመጠው መሣሪያ ነው። በዚያው ዘመን፣ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥም የምድርን መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ ተቋቋመ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ያለው ነው።

ለምን አዲስ አበባ? የመግነጢሳዊው ወገብ መስመር በአገራችን ስለሚያልፍ ነው። የምድር ወገብ ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ኬንያ ላይ ነው፤ መግነጢሳዊው ግን እኛ ዘንድ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ፣ 100 ኪሎሜትር ከፍ ብሎ፣ በቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ማታ ጸሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለው አዮኖስፌር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከመው የአየር ሽፋን፣ ይታወካል፤ የጂፒኤስ ምልክት የሚንቀጠቀጥበት፣ አንዳንዴም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚያጠኑት ይህንን ነው። ሌላም ነገር አለ። የሩቅ ጨረሮችን በመመለስ በኩል መግነጢሳዊው ጋሻ ከሁሉም የሚጠነክረው በዚሁ መስመር አካባቢ ነው። ከፍታችን አየሩን ቢያሳሳብንም በዚህ በኩል ተክሰናል።

ከቀበቶዎቹ ውጭ የሚሄድ ሰው ይህን ጋሻ ያጣል። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ ጠፈርተኞች በጨለማ ዓይናቸውን ጨፍነው ብልጭታ ያዩ ነበር። ቅንጣቶቹ በዓይናቸው ውስጥ ሲያልፉ ነው። ባዝ ኦልድሪን ከጨረቃ ሲመለስ ለናሳ ሰዎች ነገራቸው፣ ከዚያ ሌሎቹም እያዩ መሰከሩ። እ.ኤ.አ ነሐሴ 1972 ደግሞ ጸሐይ ከባድ ማዕበል አስነሣች። አፖሎ 16 ሚያዝያ ላይ ተመልሷል፣ አፖሎ 17 የሚሄደው ታኅሣሥ ላይ ነው። በመካከሉ ጨረቃ ላይ ማንም አልነበረም። ቢኖር ኖሮ በጨረር ክፉኛ ሊታመም ይችል ነበር። ጥበብ አልነበረም፤ ዕድል ነው ያወጣቸው።

ከጨረሩም፣ ከሙቀትና ከብርዱ መፈራረቅም መሣሪያ አያመልጥም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና የተነሣችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢትአርኤስኤስ 1 ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ከ600 ኪሎሜትር በላይ ላይ ሆና በየዙሩ ከጸሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ጸሐይ እየገባች፣ እርሻውንና ደኑን እያነሣች ወደ እንጦጦ ትልክ ነበር። በተነሣችበት ቀን ማለዳ ብዙ ሰው እንጦጦ ተሰብስቦ በቀጥታ ሥርጭት ያያት ነበር። እኔም በቴሌቪዥን አይቼ አልቅሻለሁ።

አሁን ስለ ማርስ ብዙ ይወራል። ጉዞው ለመሄድ ብቻ ሰባት ወር ገደማ ይፈጃል። ማርስ ርቃ ባለችበት ጊዜ የላካችሁት መልእክት ለመድረስ ብቻ 20 ደቂቃ ያልፈዋል። እንደ ሌኦኖቭ ያለ ሰው እዚያ ምድርን ልጠይቅ ቢል እንኳን አይጠቅመውም። ስትደርሱም የሚቀበላችሁ የለም። ካዛክስታን ሜዳ ላይ ሶዩዝ ሲያርፍ ሐኪሞችና ሄሊኮፕተሮች ይጠብቃሉ፤ ጠፈርተኞቹን አንሥተው ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ብርድ ልብስ ይደርቡላቸዋል። ማርስ ላይ በራስ እግር መቆም ግድ ነው።

የሩሲያው ጠፈርተኛ ቫለሪ ፖልያኮቭ ያሰበው ይህንን ነበር። ሐኪም ነው። ሚር በተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ ከጥር 1994 እስከ መጋቢት 1995 ድረስ 437 ቀን ቆየ፤ በአንድ ጉዞ ይህን ያህል የቆየ ሌላ ሰው የለም። ሲያርፍ ተሸክመው ሊያወጡት መጡ። እሱ ግን ከመንኮራኩሩ እስከ ወንበሩ ያለችውን አጭር መንገድ በእግሩ ሄዶ ተቀመጠ። ሰው ማርስ ደርሶ መሥራት ይችላል ለማለት ነው። የአጥንትና የጡንቻውን ጥያቄ በዚያ አጭር መንገድ ብዙ አቃለለው። ሚር ግን የምትዞረው ከቫን አለን ቀበቶዎች በታች፣ ጋሻው ውስጥ ነበር። ከጋሻው ውጭ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሰው እስካሁን የለም። የማርስ መንገደኛ ደርሶ እስኪመለስ ሁለት ዓመት ከዚያም በላይ ይቆያል፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሚከልለው ቀላል ነገር ገና አልተሠራም።